መርፌው መሃል ላይ ነው

መኪናዋን የገዛሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከማን ገዛሽ?» ብሎ ስለሆነ ነው። ከማላውቀው ደላላ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሞኝ ነሽ ይሉኝ ነበር። ከዘመድ በመግዛቴ ግን ዝም በይ አሉኝ። ሞኝ መባሉን እችለው ነበር።

ሁለት በር ያላት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የስፖርት መኪና ናት። ከኋላ ክንፍ ተገጥሞላታል፤ ፊቷ ተቀይሯል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ በወፍራም ስለተተካ ገና መናኸሪያው ጋ ስደርስ እናቴ ቤት ሆና «መጣች» ትላለች። ሶዶ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መኪና ብዙ የለም። ባጃጅ ነጂዎች አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ደግሞ «ላንቺ የሚሆን፣ ቤተሰብ የሚጭን ደህና መኪና ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። የምጭነው ቤተሰብ ሲኖረኝ አስብበታለሁ አልኳቸው።

ሥራዬ አረካ ነው። ለዓመታት ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ «እህት፣ ትንሽ ጠጋ በይ» እየተባልኩ በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። መኪና መግዛት ስችል የፈለግኩትን ገዛሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ ከጎኑ አስቀምጦ ገሱባ ድረስ ይወስደኛል። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ «ማርሽ ቀይር እያለኝ ነው፤ ሰማሽ?» ይለኛል። እሰማ ነበር። መኪና መውደዴ ከዚያ የመጣ ነው፤ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የአክስቴ ልጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከአዲስ አበባ እያመጣ፣ ቀለም ቀይሮና አሳምሮ ሶዶ ላይ ይሸጣል። ይቺን ሲያሳየኝ ፊቷን ያስለወጠው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ የራዲያተሩንም ማራገቢያ አውጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ ትልቅ ማራገቢያ እንደገጠመላት በኩራት ነገረኝ።

«ሞተሯስ?» አልኩት።

«በእናቴ ሞት፣ እንከን የላትም።»

እናቱ የአባቴ እህት ናት። እኔንም አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በእሷ ሞት ከማለ ሌላ ምን ልጠይቅ?

አባቴ መኪናዋን ደጋግሞ ዞራት። ከዚያ እንደምንም አጎንብሶ ገባና ወንበሩ ላይ ሰመጠ። «ጥሩ ናት» አለ፤ «አሁን የሚያወጣኝ ሰው ፈልጊ።»

ደስታዬ አልቆየም። አረካ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ከኮፈኑ ሥር የሚንተከተክ ድምፅ እሰማለሁ፤ እሳት ላይ እንደተረሳ ማንቆርቆሪያ። የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ይሸተኛል። ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ጠዋት ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውሃው ጎድሏል። እሞላለሁ፤ በማግስቱም ጎድሎ አገኘዋለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ ግን ምንም አይልም። መርፌው ቢበዛ ቢበዛ መሃል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልፎ አያውቅም።

ለአክስቴ ልጅ ስደውልለት ሳቀ። «እንዲህ ያለ መኪና ስላልለመድሽ ነው። መርፌው የት ነው ያለው?»

«መሃል።»

«በቃ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ጋራዥ ወሰድኳት። የመጀመሪያው መካኒክ ራዲያተሩን ፈትቶ አጠበው። ለውጥ የለም። ሁለተኛው የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው፤ «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አልሞቅ ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዳገት ላይ ግን እንደ ድሮው ትንተከተካለች። ሦስተኛው፣ በከተማው አዋቂ የሚባለው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሹፌሩ የታለ?» ብሎ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ገባና ሞተሩን አስነሥቶ ጌጁን አየ። እጁን እንኳ ወደ ሞተሩ አልሰደደም። «መኪናዋ አልሞቀችም። ይኸው፣ መርፌው መሃልም አልደረሰም።»

«ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?»

«ይተናል።»

«ያልሞቀ ውሃ እንዴት ይተናል?»

ወደ ባልደረባው ዞረና በወላይትኛ «ይቺ ሴትዮ ከባሏ ጋር ተጣልታ ነው የመጣችው» አለው። አማርኛዬን ሰምቶ ተመድቤ ከሌላ አገር የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ መስዬው ነበር። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ። በዚያው በወላይትኛ «ባል የለኝም፤ ያለኝ የምትፈላ መኪና ናት፤ እሷን ደግሞ አልቻልክም» አልኩትና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ባልደረባው ሲስቅ ሰማሁት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጆሮዬ፣ አፍንጫዬና የጎደለው ውሃ የሚናገሩትን አንድ መርፌ ይክዳል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የሚያምነው መርፌውን ነው።

ከዚያ የጠበላው ቀን መጣ።

ጠበላ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ቆላ ነው፤ ከሶዶ ቁልቁል ይወረዳል። የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ እሱም ሹፌር የነበረ ሰው፣ ሞቶ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። በጋ ነበር፤ የገበያ ቀንም ስለሆነ መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል። ስንሄድ ቁልቁለት ነውና ደህና ነበረች። ስንመለስ ዳገቱን ገና ከመጀመራችን ሽታው መጣ። ጉልበቷ ወረደ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«አቁሚያት» አለኝ። «ይህ ሞተር እየተቃጠለ ነው።»

«መርፌው መሃል ላይ ነው፣ አባዬ።»

«መርፌውን አላውቅም። አቁሚያት።»

ይህን ያለው አባቴ ነው። ኋላ ሰው ሁሉ «ዘንግቶ ነው» ያለው አባቴ፣ ከሁላችን በፊት የሰማው እሱ ነበር።

አንድ ግራር ሥር አቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትን። ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን። አባቴ «ማንም እንዳይነካው» አለና ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠበቅን። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሰላምታ እየሰጡን አለፉ። አንዲት ሴት ከያዘችው ጀሪካን ውሃ ሰጠችን። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። አባቴ እንደ አንዳንድ ወጣት ሹፌሮች ቸኩሎ ክዳን የሚከፍት ሰው አልነበረም።

«ቁልፉን አዙሪና መርፌውን እይልኝ» አለኝ በመጨረሻ።

አየሁ። መርፌው ወርዶ ታችኛው መስመር ላይ፣ ብርድ የሚለው ምልክት ላይ ተኝቷል።

«ወርዷል፣ አባዬ። ቀዝቅዛለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ታች ነው ያለው።»

ጃኬቱን አውልቆ እጁ ላይ ጠቀለለ። «ወደ ኋላ ሁኚ» አለኝ። ክዳኑን ቀስ ብሎ አላላው።

ውሃው ቆሞ ወጣ። ነጭ እንፋሎት ሸፈነውና ለጥቂት ጊዜ አላየሁትም። ስደርስበት ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ቆሟል። አልጮኸም። ከእጁ እስከ ክርኑ፣ ከአንገቱም በአንድ ወገን ቆዳው ቀልቶ መነሣት ጀምሯል። «አንቺን ነካሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከአርባ ምንጭ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆመልን። ተሳፋሪዎቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁ። ሶዶ ሆስፒታል አደረሱን። መኪናዋ ግራሩ ሥር ቀረች።

ቃጠሎው ቀስ በቀስ ይሽር ጀመር። እኔን ያሳበደኝ ሌላው ነገር ነው። ሊጠይቁት የመጡ ሁሉ ተራ በተራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «አይ፣ ዕድሜ ነው» ይላሉ። «ስንት ዓመት የነዳ ሰው እንዴት የጋለ ራዲያተር ይከፍታል?» ይላሉ። አባቴም አምኖላቸው ነበር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጣሪያውን እያየ «እኔ ምን ነካኝ?» አለ። «ይህን እኮ ለጀማሪ ረዳት የማስተምረው ነገር ነው። አእምሮዬ እየሄደ ይሆን?»

«መርፌው ወርዶ ነበር እኮ። ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ፤ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ቀን ከሆስፒታል ስወጣ ንዴቴ መልክ ያዘ። እስከዚያ ድረስ የተናደድኩት በመካኒኮቹ፣ በመኪናዋ፣ በመንገዱ፣ በራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ታች ወርዶ የነበረ መርፌ ሥር የፈላ ውሃ ምን ይሠራል?

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትቼ ግቢያችን አስገባኋትና የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ጠራሁ። ወሬ የሚያበዛ፣ ደስ የሚል ሰው ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ መጀመሪያ ጌጁን አየና «ይህማ ደህና ነው» አለ።

«ደህና መሆኑን በምን አወቅክ?» አልኩት። «ከእናቴ ማጀት ውሃ አፍልቼ አመጣልሃለሁ። የሙቀቱን ሴንሰር ፈትተህ ሽቦው እንደተያያዘ የፈላው ውሃ ውስጥ ክተተው። መርፌው ምን እንደሚል እንይ።»

ተቃወመ። «ጊዜ ማባከን ነው» አለ። እኔ ግን ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ነበር። ውሃው እየተንተከተከ አመጣሁት። ሴንሰሩን ከተተው። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ መርፌውን አየሁ። ከታችኛው መስመር ትንሽ ነቅነቅ አለና እዚያው ቀረ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ብርድ ነው ይላል።»

ማንቆርቆሪያውን አየ። እንፋሎቱን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬው ቆመ። ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈታታው፤ ሽቦውንም በጣቱ እየተከተለ ወደ ውስጥ ገባ። ከጌጁ ጀርባ፣ ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጦ ምልክቱን የምታዳክም አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ገብታበታለች፤ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልላለች።

«ይቺ ከፋብሪካ የመጣች አይደለችም» አለ። «ሆን ብሎ የገጠማት ሰው አለ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል እንኳ መርፌው ከመሃል አያልፍም። ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ መርፌው ታች ይወርዳል። እንዲህ የሚደረገው የምትሞቅ መኪና ለመሸጥ ነው።»

አንድ ሰው እጁን እዚያ ድረስ ሰድዶ፣ ሽቦ ቆርጦ፣ ቴፕ ጠቅልሎ፣ ከዚያ በእናቱ ሞት ምሎ ቁልፍ ሰጥቶኛል።

ሊነቅላት ሲል አስቆምኩት። «ተዋት። እንደነበረች መልሰህ ጠቅልላት። መኪናዋ ለምን እንደምትሞቅ ግን ፈልግልኝ።»

ውሃ ሞልተን ሞተሩን አስነሣና ከኮፈኑ ሥር አጎነበሰ። እኔ ከመኪናዋ ፊት ቆሜ ነበር። ማራገቢያው ሲነሣ የሞቀ አየር ሆዴን መታኝ፤ የነጠላዬም ጫፍ ከመኪናዋ ወደ እኔ ተገፋ። ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። የራዲያተር ማራገቢያ ከውጭ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። አባቴ ልጅ ሳለሁ ቅጠል አስጠግቶ ሲለጠፍ አሳይቶኛል። ይህ ግን የሞተሩን ግለት ወደ ውጭ ይተፋል።

«በተቃራኒው ነው የሚዞረው» አልኩት።

መጣና መዳፉን አስጠጋ። አንገቱን ነቀነቀ። ከሌላ መኪና የመጣው ማራገቢያ ሲገጠም ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ተያይዘዋል። መኪናዋ በፈጠነች መጠን ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ማራገቢያው መልሶ ይገፋዋል። በዚያ ላይ የተቀየረው ፊቷ የአየር መግቢያውን አጥብቦታል። ሽቦዎቹን አቀያየራቸው። ነጠላዬ ወደ ራዲያተሩ ተሳበ።

ሥራው ይኸው ነበር። ሦስት መካኒኮች እዚያ ፊቷ ቆመዋል። አንዱ ራዲያተር ፈትቷል፣ አንዱ ቴርሞስታት ጥሏል፣ አንዱ በእኔ ላይ ቀልዷል። መዳፉን ዘርግቶ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ስለ ሬዚስተሩ አላነሣሁም። መኪናዋ ችግር እያላት ለምን እንደሸጠልኝ ብቻ ጠየቅኩት። «እኔ ደህና አድርጌ ነው የሸጥኩልሽ» አለኝ። «ጋሼ የጋለ ራዲያተር ከከፈቱ እኔ ምን ላድርግ? በእርጅናቸው መከልከል ነበረብሽ።»

ስልኩን ዘጋሁ። በእርጅናቸው አለ።

ወሬው በዘመድ ውስጥ ተሰማ። አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትልቁ አጎቴ፣ የአባቴና የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ሊያስታርቀን አክስቴንና ልጇን ይዞ እንደሚመጣ አስነገረ። እኔ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት መኪናዋን አስነሥቼ በአረካ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ። ሞተሩ እንዲሞቅ ነው። ግቢ ውስጥ አቁሜ ወደ ቤት ገባሁ።

አጎቴ ጋቢውን እንደለበሰ ተቀመጠ። አክስቴ የአባቴን በፋሻ የታሰረ እጅ አይታ አለቀሰች። ልጇ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዓይኔን አያይም።

«ብረት ነው» አለ አጎቴ። «ብረት ይበላሻል፣ ይሠራል። ደም ግን አይሠራም። ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ይቅር ማለት ካንቺ ይጀምር።»

«ምኑን ነው ይቅር የምለው፣ ጋሼ? እሱ ያጠፋሁት የለም እያለ ነው።»

«የለማ» አለ የአክስቴ ልጅ። «በእናቴ ፊት እናገራለሁ። የማውቀው እንከን አልነበራትም።»

አባቴ «ልጆች፣ ተዉት» አለ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርጅና ነው።»

ይህን ሲል ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ያመጣችሁ የመኪናዋ ነገር ነው። እስቲ ወጥተን እንያት» አልኩ።

ሁሉም ወጡ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ቁልፉን አዙሬ አጎቴን ጠራሁና ጌጁን አሳየሁት። መርፌው ታችኛው መስመር ላይ ነበር።

«ይታይዎታል? ቀዝቅዛለች ማለት ነው። ጠበላ መንገድ ላይ አባዬ ሲከፍተውም መርፌው እዚሁ ነበር።» ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞርኩ። «ውሃዋ የጎደለ ይመስለኛል። አንተ ታውቃታለህና ክዳኑን ከፍተህ እይልኝ።»

አልተንቀሳቀሰም። «አሁን ምን ያደርጋል?» አለ።

«ለመታረቅ ነው የመጣኸው። እይልኝ።»

«ትንሽ ትቆይ።»

«መርፌው ወርዷል እኮ።»

«ልብሴ ይቆሽሻል» አለ። ቅቤ የመሰለ ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው።

አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «ክዳን መክፈት ይህን ያህል ነው እንዴ? ዘወር በል» አለና የጋቢውን ጫፍ እጁ ላይ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ጎንበስ አለ። እኔ ክንዱን ለመያዝ ከጎኑ ቆሜ ነበር። እጄ ገና ሳይደርስ የአክስቴ ልጅ ዘሎ የአጎቴን ትከሻ ያዘ።

«ጋሼ፣ አይንኩት። ጌጁ አይታመንም።»

አጎቴ እጁን ቀስ ብሎ መለሰ።

«አይታመንም ማለት?» አለው።

አክስቴ ወደ ልጇ ተጠጋችና በወላይትኛ፣ በዝግታ «ታውቅ ነበር?» አለችው። እሱ መሬት መሬት እያየ መናገር ጀመረ። መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ትሞቅ ነበር። ምክንያቱን ማግኘት አልቻለም። ገዢ ለመሞከር ሲነዳት መርፌው ሲወጣ እያየ ይመለሳል። ሰው እንዲህ አድርግ አለው፤ አደረገ። እኔ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ብቻ ስለምነዳት ምንም አይደርስም ብሎ ነው። ሊነግረኝም አስቦ ነበር።

«ለጋሼ እጅ አፍ አገኘህ» አልኩት። «ለአባቴ እጅ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ እያለህ አልተናገርክም። ስደውልልህ መርፌው የት ነው ብለህ ጠየቅከኝ። የት እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

አባቴ ወደ መኪናዋ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስለዚህ እኔ አልተሳሳትኩም?» አለ።

«አልተሳሳትክም፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ትከሻው እንደዚያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ ተከትሎት ገብቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። አባቴ ወዲያው ይቅር አለው፤ ልማዱ ነው። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ?» አለኝ። ሁሉም አዩኝ። አክስቴም አየችኝ፤ የእሷ ዓይን ነው የከበደኝ።

«እኔ ገና ነኝ» አልኩ።

አጎቴ እየተቆጣ ሄደ። አክስቴ ሳትሰናበተኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቂመኛ የሚለውን ስም ይዣለሁ። የንስሐ አባታችንም መክረውኛል። የምላቸው አንድ ነው፤ አባቴ ይቅር ያለው የራሱን እጅ ነው። እኔ የምቆጣው አባቴ ግድግዳውን እያየ አእምሮውን ስለተጠራጠረባቸው ቀናት ነው። ስለ እነሱ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሁሉም የቆጠረው ቃጠሎውን ብቻ ነው።

መኪናዋ ከዚያ በኋላም ተኝታ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስትፈላ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተጣሟል፤ ሐዋሳ ድረስ ተልኮ ተስተካክሎ መጣ። ሬዚስተሯ ወጣች፤ አዲስ ቴርሞስታት ገባ፤ ፊቷም ተቆርጦ አየር እንዲያስገባ ተደረገ። ያ አዋቂ የተባለው መካኒክ ጋ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «ጌጁ ከዋሸ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ከዚያ በላይ ከእሱ ጋር አልቆምኩም።

አባቴ የቀኝ እጁ ጣቶች እስከ መጨረሻው አይታጠፉም። ሸሚዙን በግራ እጁ መቆለፍ ለምዷል። ከእኔ ጋር አረካ መሄድ ይወዳል፤ ከመኪናዋ የሚያወጣው ግን አሁንም እኔ ነኝ። አክስቴ ለአባቴ ቦዬ፣ ያን የወላይታ ሥራሥር፣ ስትልክ ለእኔም ሰላምታ ትልካለች፤ በአካል አትመጣም። እሷን ማጣቴ ያመኛል። በዚህም የምቆጣው በልጇ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ከሰሜን የመጣ መምህር፣ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣ። ከአክስቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ተስማምቶ ነበር፤ ዘመዱ መሆኔን ሰምቶ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው። ወንበር ሰጥቼው ምንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ የሆነውን ነገርኩት። ስለፈላው ውሃና ስለማይነሣው መርፌ ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ነበር። ከዚያ እሁድ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ገበያዬን ዘጋሽብኝ» አለኝ። «ለባዕድ ስለ ዘመድሽ እንዲህ ታወሪያለሽ?»

«አዎ» አልኩት። «ነገም የሚጠይቀኝ ካለ እነግረዋለሁ።»

እሱ ገና እየተናገረ ስልኩን ዘጋሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።